ዓይኔን መክደን እንደገና የተማርኩባቸው ወራት

የዓይን ቆብና የቅንድብ ቀዶ ሕክምና በተደረገልኝ ዕለት ማምሻውን፣ ጭንቅላቴን በሁለት ትራስ ከፍ አድርጌ እንደተኛሁ፣ ሐኪሜ መጥተው አጠገቤ ቆሙና «እስቲ ዓይንዎን በቀስታ ይክደኑ፤ አይጨምቁት፣ ለእንቅልፍ እንደሚከደን ብቻ» አሉኝ። ከደንኩ፤ ቢያንስ የከደንኩ መሰለኝ። ታላቅ እህቴ ግን ከሐኪሙ ጀርባ ሆና ታየኝ ነበርና «አልተከደነም እኮ፤ ነጩ ይታያል» አለች። ድንጋጤዋ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር። ሐኪሙ አልደነገጡም። በሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንዳለ፣ ማደንዘዣው ዓይን የሚከድነውን ጡንቻ ገና እንዳልለቀቀው፣ እብጠቱም ቆቡን አክብዶ እንደልብ እንዳይታጠፍ እንዳደረገው በተረጋጋ ቃል አስረዱን፤ ለሌሊቱም በዓይኔ ውስጥ የሚደረግ ወፍራም ቅባት አዘዙልኝ።

ወደዚያ ክፍል ስገባ የማስበው ዓይኔ እንዴት እንደሚከፈት ነበር። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ግን ለወራት ያሳሰበኝ እንዴት እንደሚከደን ነው። ስለ ዓይን ቆብና ስለ ቅንድብ ቀዶ ሕክምና የሚነገረው አብዛኛው ነገር ስለ መልክ ነው፤ እኔ ከማገገሚያው ጊዜ ያወቅኩት ነገር ሁሉ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ከዚህ ከመክደን ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘሁት። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ዕድሜዬ ሃምሳ ሦስት ነው። ላለፉት ስድስት ሰባት ዓመታት ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ደክሞሻል?»፣ «አልተኛሽም እንዴ?»፣ «የከፋሽ ነገር አለ?» ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቼ በተነሣሁበት ጠዋት እንኳ ይህንኑ እሰማ ነበር። የላይኛው የዓይን ቆቤ ቆዳ ላልቶ በሽፋሽፍቴ ላይ ተጋድሟል፤ ቅንድቦቼም፣ በተለይ ወደ ጆሮ ያለው ጫፋቸው፣ ዝቅ ብሏል። ቅንድቤን ለማንሣት የግንባሬን ጡንቻ ሳላውቀው ቀኑን ሙሉ ስለማሠራው፣ ማምሻውን ግንባሬ ይከብደኝና ራሴን ያመኝ ነበር። ይሁንና ወደ ሐኪም የወሰደኝ ራስ ምታቱ ነው ብል እውነት አይሆንም። የወሰደኝ መልኬ ነው። በውስጤ የሌለውን ኀዘን ፊቴ ሲናገርብኝ መኖር ሰልችቶኝ ነበር፤ ይህን ለመናገርም አላፍርም።

ከሐኪሙ ጋር በተገናኘንበት በመጀመሪያው ቀን ስለ ቆዳ የምንነጋገር መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከቆዳው በፊት የመረመሩት እንባዬን ነው። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በታችኛው የዓይን ቆቤ ጠርዝ ላይ አንጠልጥለው ለ5 ደቂቃ ተዉት፤ እንባው ወረቀቱን እያራሰ የወረደበት ርዝመት ይለካል፣ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነም ዓይኑ ድርቀት ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል። የእኔ ቀኝ ዓይን 12፣ ግራው 9 ሆነ። ቀጥለው የታችኛውን ቆብ በጣታቸው ወደ ታች ጎትተው ለቀቁትና ወደ ቦታው እስኪመለስ ተመለከቱ፤ ተጎትቶ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ ቆብ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ታች የመውረድ ዕድሉ ሰፊ ነው። በመጨረሻም ዓይኔን እንድከድን ነግረውኝ ቆቡን ገለጥ በማድረግ የዓይኔ ኳስ ወደ ላይ መዞር አለመዞሩን አዩ። አብዛኛው ሰው ዓይኑን ሲከድን ኳሱ ወደ ላይ ይዞራል፤ ነገሩን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የገለጸው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቻርለስ ቤል ስለሆነ በእሱ ስም ይጠራል። በዚህ ምክንያት ቆቡ ሙሉ በሙሉ ባይገጥም እንኳ የዓይን መስታወት የሚባለው ኮርኒያ ከላይኛው ቆብ ሥር ገብቶ ከመድረቅ ይድናል። ይህ መዞር የሌላቸው ሰዎች አሉ፤ በእነሱ ዘንድ የአንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ጉዳት ከሌላው ሰው ይከፋል።

በዚያው ቀን አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ምን መድኃኒት እንደምወስድ ስጠየቅ «ምንም» ብዬ መለስኩ። በየቀኑ የምውጠውን የዓሣ ዘይትና ቫይታሚን ኢ እንደ መድኃኒት አልቆጠርኳቸውም ነበር፤ ለራስ ምታቱ አልፎ አልፎ የምወስደውን አስፕሪንም እንዲሁ። ከቀዶ ሕክምናው አራት ቀን ቀደም ብላ የደወለችልኝ ነርስ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች ባትጠይቀኝ ኖሮ ሳልናገር እገባ ነበር። ቀጠሮው በሁለት ሳምንት ተገፋ፤ በወቅቱ ተበሳጨሁ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው፣ እንዲሁም የዓሣ ዘይት፣ ቫይታሚን ኢና ጂንኮ የተባለው ዕፅ የመሳሰሉት ደም በቶሎ እንዳይረጋ ሊያደርጉ እንደሚችሉ፣ ከዓይን ጀርባ የሚደማ ደም ደግሞ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ በኋላ ስረዳ ግን ያቺን ነርስ በልቤ አመሰገንኩ። ለልብ ወይም ለደም ሥር ሕመም ደም ማቅጠኛ የታዘዘለት ሰው በራሱ ፈቃድ ማቆም እንደሌለበትም አብራ ነግራኛለች፤ ያንን የሚወስኑት መድኃኒቱን ያዘዙት ሐኪም ናቸው። የደም ግፊት፣ የታይሮይድ ሕመም፣ ግላኮማ፣ ከዚህ ቀደም መነጽር ለመተው በሌዘር የተደረገ የዓይን ሕክምና፣ ማጨስ፣ ሁሉም ሳይነገር የማይታለፍ ነው።

የተሠራልኝ ሥራ ሦስት ክፍል ነበረው። ከላይኛው ቆብ፣ በተፈጥሮው የሚታጠፍበትን መስመር ተከትሎ፣ ትርፍ ቆዳ ተነሣ፤ ከታችኛው ቆብ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር ተከፍቶ፣ ያበጠው ስብ ተቀንሶ ጥቂት ቆዳ ተወሰደ፤ ቅንድቦቼ ደግሞ ከፀጉር መስመሬ ጀርባ በተከፈቱ አምስት ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በቀጭን ካሜራ እየታየ፣ ከፍ ተደረጉ። የቅንድቡ ሥራ ለምን እንዳስፈለገ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ቆዳውን ትንሽ ጨምሮ መቁረጥ የሚበቃ መስሎኝ «ቆቡን ብቻ ብንሠራውስ?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ሐኪሙ በመስታወት ፊት አቁመው ቅንድቤን በጣታቸው ወደ ቦታው ሲያነሡት ትርፍ ነው ያልኩት ቆዳ ግማሹ ጠፋ። ቅንድቡ ወርዶ የገፋውን ቆዳ ከቆቡ ላይ ቆርጦ መጣል ቅንድቡን ይባስ ወደ ታች ይስበዋል፤ ዓይን ለመክደን የሚያስፈልገውንም ቆዳ ይወስዳል። ከቅንድቡ በታች ጫፍ እስከ ሽፋሽፍቱ ድረስ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ቆዳ መቅረት አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። እህቴ መስታወቱ ፊት የሰማችውን ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ ከእኔ በተሻለ ታስታውሰዋለች።

ይህ ፍርሃት አዲስ አይደለም። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ኬልሱስ ስለ ላላ የዓይን ቆብ ሲጽፍ፣ ከላይኛው ቆብ ብዙ ቆዳ ከተቆረጠ ዓይኑ መሸፈን እንደሚያቅተው አስጠንቅቋል፤ ግሪኮች ለዚህ ችግር የሰጡት ስያሜ ዛሬም በሕክምና መጻሕፍት ይሠራበታል፣ ፍቺውም «የጥንቸል ዓይን» ማለት ነው፤ ጥንቸል ዓይኗን ገልጣ ትተኛለች ተብሎ ይታመን ስለነበር። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ማስጠንቀቂያ በእኔው አልጋ ላይ፣ በእህቴ አንደበት «ነጩ ይታያል» ተብሎ ሲደገም መስማቴ አሁንም ይገርመኛል።

የመጀመሪያዋን ሌሊት በዝርዝር መጻፍ እፈልጋለሁ፤ የሚያስፈራው ነገር ሁሉ የሚያንዣብበው በእሷ ላይ ነውና። ሐኪሙ ከመሄዳቸው በፊት እህቴን ወደ ጎን ሳይሆን ከእኔው ጋር አስቀምጠው፣ ሁለታችንም እየሰማን፣ ሊመጣ ይችላል ያሉትን አንድ ክፉ ነገር ነገሩን። ከዓይን ኳስ ጀርባ ባለው ጠባብ ስፍራ ደም ከተጠራቀመ መውጫ የለውም፤ የእይታን ነርቭና ወደ ዓይን የሚሄደውን ደም ይጫናል፤ ቶሎ ካልተለቀቀም የማየት ችሎታን ለዘለዓለም ሊወስድ ይችላል። እንዲህ ያለ መድማት ከ2,000 ሰዎች በአንዱ ላይ ያህል ብቻ የሚደርስ፣ ዕውርነት የሚያስከትለውም ከ10,000 ሰዎች በአንዱ ወይም ከዚያ ባነሰ ሰው ላይ ነው፤ የሚበዛው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነው። ምልክቶቹ በአንድ ዓይን ላይ ድንገት የሚነሣና በማስታገሻ የማይበርድ ጽኑ ሕመም፣ ዓይኑ ወደ ፊት መውጣትና መጠንከር፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም መጨለም፣ ነገሮችን ሁለት አድርጎ ማየት ናቸው። እንዲህ ከሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ስልክ ተደውሎም መልስ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል፣ እዚያም ስፌቱ ተከፍቶ ደሙ ይለቀቃል። ይህን ሁሉ የፈረምኩበት ቅጽ ላይ አንብቤዋለሁ ለማለት አልደፍርም፤ ቅጹን ያቀረበልኝ ሰው ገጹን እየገለጠ «እዚህ ላይ፣ እዚህም ላይ» እያለኝ ነው የፈረምኩት። ሐኪሙ በቃላቸው ባይደግሙልን ኖሮ እህቴና እኔ ሕመምን ከሕመም ለይተን የምናውቅበት ነገር አልነበረንም። እንዲህ ያለው ነገር በቅጽ መካከል ተጨምቆ የሚታለፍ መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ።

እህቴ በየሁለት ሰዓቱ እየነቃች ጣቶቿን ከፊቴ አንሥታ «ስንት ናቸው?» ትለኝ ነበር፤ አንዱን ዓይን ሸፍና፣ ከዚያም ሌላውን። ቅባቱ ሁሉን ነገር በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ስላስመሰለው ሁለቱን ሦስት ያልኩባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ቅባቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግ ስታደርግልኝ ይጠራል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የቅባት ጭጋግ ሲጠረግ ወይም ዓይን ሲርገበገብ ይቀንሳል፣ የአደጋው መደብዘዝ ግን አይቀንስም። ሕመሙ ከጠበቅኩት ያነሰ ነበር፤ ከሕመም ይልቅ ውጥረትና ማቃጠል ልለው እችላለሁ። ግንባሬ ግን ጠባብ ቆብ እንደ አጠለቅሁ ሆኖ ይጨንቀኝ ነበር።

በማግስቱ ደህና ነኝ ብዬ ተደሰትኩ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ዓይኔ በስንጥቅ ያህል ብቻ ይታይ ነበር። እብጠት የሚበረታው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ መሆኑ አስቀድሞ ስለተነገረኝ እንጂ የከፋ ነገር ደረሰብኝ ብዬ በተንቀጠቀጥኩ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ በረዶው በቀጥታ ቆዳውን ሳይነካ፣ በየሰዓቱ ለ15 ደቂቃ ያህል እናደርግ ነበር። ጎንበስ ማለት፣ ከባድ ነገር ማንሣት፣ በኃይል መሳል፣ በሆድ ድርቀት መጨነቅ ሁሉ ወደ ራስ የሚሄደውን የደም ግፊት ስለሚጨምሩ ተከልክለዋል። ጫማዬን የምታስርልኝ እህቴ ነበረች። የበለዘው ደም ደግሞ በዓይኔ ዙሪያ አልቀረም፤ ቀን በቀን ወደ ጉንጬ፣ ከዚያም ወደ መንጋጋዬ ወረደ፤ ከሐምራዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ እየተለወጠ በሁለት ሳምንት ገደማ ጠፋ። ከግንባር የሚነሣ እብጠትና ደም ወደ ታች መውረዱ ስለማይቀር፣ ቅንድብና ቆብ በአንድ ቀን የተሠራለት ሰው ቆቡ ብቻ ከተሠራለት ሰው ይልቅ ፊቱ የሚከፋው ለዚህ ነው። የቆቡ ስፌት በስድስተኛው ቀን ወጣ፤ የራስ ቅሌ ቆዳ የተያዘበት ሽቦ በአሥረኛው።

ስፌቱ በወጣ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ ብዬ መስታወት አየሁ፤ ባላይ ይሻል ነበር። ቅንድቦቼ ወደ ላይ ተሰቅለው ሁልጊዜ የምትገረም ሴት መስዬ ነበር። የአንዱ ዓይን ቆብ ከሌላው ወፍሯል። የግራው የታችኛው ቆብ ከዓይኑ ጥቁር ክብ በታች ነጭ መስመር አሳይቷል። ያን ቀን ማታ አለቀስኩ፤ ለቅሶውም ራሱ አቃጠለኝ። «በገንዘቤ ፊቴን አበላሸሁ» እያልኩ እህቴን አስቸገርኳት። እሷ አላጽናናችኝም፣ አልተቆጣችኝምም፤ ስልኳን አውጥታ በሦስተኛው ቀን ያነሣችኝን ፎቶ አሳየችኝና «በሦስት ቀን ውስጥ ከዚህ ወደዚህ ከመጣሽ ለሚቀጥለው ወር ምን አስቸኮለሽ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ ማንሣት ጀመርን። በየቀኑ መስታወት የሚያይ ሰው ለውጡን አያየውም፤ ስድስተኛውን ሳምንት ከመጀመሪያው አጠገብ ሲያስቀምጡት ግን ቅንድቡ ዝቅ ብሎ ወደ ቦታው መግባቱን፣ መገረሙም ከፊቴ መጥፋቱን ፎቶው በግልጽ ይናገራል። ስሜት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንዲህ መውደቁ በብዙዎች ላይ የሚደርስ ነው። ከመግባቴ በፊት ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ከማናቸውም የአካል ምልክት ይልቅ በቅድሚያ ማወቅ የነበረብኝ እሱን ይመስለኛል።

ወደ መክደኑ ልመለስ። ክፍተቱ በአሥር ቀን ውስጥ ከሁለት ሚሊ ሜትር ወደ አንድ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ ቀነሰ፤ ሌሊት ግን እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ ዓይኔ በደንብ አልገጠመም። ጠዋት ስነቃ በዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ይቆረቁረኛል፤ ንፋስ ሲነካኝ ደግሞ እንባዬ እንደ ጉድ ይፈስሳል። «የሚያነባ ዓይን እንዴት ደረቀ ይባላል?» ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ነገሩን ገለጠልኝ። የዓይንን ፊት ሸፍኖ የሚውለው እንባ ስስና ዘይት የተቀላቀለበት ነው፤ ቆቡ በየጊዜው እየተርገበገበ እንደ ቀለም በእኩል ይቀባዋል። መርገብገቡ ሲደክምና ቆቡ ሳይገጥም ሲቀር ያ ስስ ሽፋን ይቀደዳል፤ የተራቆተው ኮርኒያ ሲቆጣ ውኃ የበዛበት እንባ በድንገት ይጎርፋል፣ ያም ሽፋኑን ሳይጠግን ጉንጭ ላይ ይወርዳል። ቆዳውን ሲቆርጡ ከሥሩ ያለው ዓይን የሚከድን ጡንቻ ለጊዜው ስለሚዳከም ይህ የሚጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 892 ሰዎች የተመለከተ ጥናት፣ ከእነዚህ መካከል ከአራት አንዱ ያህሉ የድርቀት ምልክት እንደታየባቸው ጽፏል። ወረቀቱ 9 ብቻ ያሳየው ግራ ዓይኔ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ጥናት ውስጥ የተጠቀሰው ሁለተኛው ችግርም አላለፈኝም። በሁለተኛው ሳምንት የግራ ዓይኔ ነጭ ክፍል ላይ፣ ወደ ውጭ ባለው ጥግ፣ ግልጽ ውኃ የቋጠረ እብጠት ታየ፤ ዓይኔ ሊቀልጥ የደረሰ መሰለኝ። ይህ የዓይንን ነጭ የሸፈነው ስስ ቆዳ በውኃ ማበጥ ነው፤ የሚመጣውም ከድርቀቱና ፈሳሽ የሚያስወግዱት ቀጫጭን ሥሮች ለጊዜው በመታወካቸው ነው። እብጠቱ ቆቡ እንዳይገጥም ያደርጋል፣ ቆቡ አለመግጠሙ እብጠቱን ያደርቃል፣ መድረቁ መልሶ ያሳብጠዋል፤ እንዲህ እየተሽከረከረ ሳምንታት ይቆያል። የተሰጠኝ ሕክምና ቀን ቀን መከላከያ ኬሚካል የሌለበት ሰው ሠራሽ እንባ በየሁለት ሰዓቱ፣ ለጥቂት ቀናት እብጠት የሚቀንስ ጠብታ በሐኪም ክትትል፣ ሌሊት ደግሞ ወፍራም ቅባትና እርጥበት የሚይዝ የዓይን መሸፈኛ ነበር። መከላከያ ኬሚካል ያለበትን ጠብታ እንዲህ ደጋግሞ መጠቀም ራሱ ዓይንን ያስቆጣል። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዲያቆሙ የሚነገራቸው ለምን እንደሆነ በዚህ ጊዜ በደንብ ገባኝ።

የታችኛው ቆብ ነገር ከሁሉም ይልቅ ትዕግሥቴን ተፈታትኗል። ከሽፋሽፍቱ ሥር የተከፈተው ቦታ ሲድን ጠባሳው ይኮማተራል፤ ቆቡንም ወደ ታች ይስበዋል። ቀላል ከሆነ ነጩ ትንሽ ይገለጣል፣ ከበረታ ግን ቆቡ ከዓይን ኳስ ርቆ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ ያኔ እንባ የሚይዝ ጠርዝ አይኖርም። የእኔ ቀላሉ ነበር። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ሐኪሙ ካሳዩኝ በኋላ ብቻ፣ ጣቴን በቆቡ ጠርዝ ሥር አድርጌ ወደ ላይና ወደ ውጭ እየገፋሁ በቀን አራት ጊዜ አሽ ነበር። በየሳምንቱ ፎቶውን እያየሁ በማስመሪያ እለካው ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልተለወጠም፣ በአራተኛው ወር ተነሣ። ቀኝና ግራ ዛሬም እኩል አይደሉም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነት ቀርቷል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሣሁትን ፎቶ ሳይ ያን ጊዜም እኩል አልነበሩም፤ ያላስተዋልኩት እኔ ነኝ።

የግንባሬ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከቅንድብ ወደ ላይ እስከ ራስ ቅል አናት የሚዘልቁ ሁለት የስሜት ነርቮች በዚያ ሥራ ጊዜ መለጠጣቸው ስለማይቀር፣ ከፀጉር መስመሬ ጀርባ ያለው ቦታ ለወራት ደንዝዞ ቆየ። ስበጠር ማበጠሪያውን አልሰማውም ነበር። ስሜቱ መመለስ ሲጀምር የመጣው ማሳከክ ነው፤ ብታከው የማይደረስበት፣ ከቆዳው ሥር የሚሮጥ ማሳከክ። ደስ አይልም፣ ግን ነርቩ እየተመለሰ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት ነበርና በደስታ ተቀበልኩት። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ፀጉሬ ተነቃቅሎ በአምስተኛው ወር ገደማ ተመልሶ በቀለ። እኔ ላይ ያልደረሰው፣ የቅንድብ ቀዶ ሕክምና ሲነሣ ግን ሳይጠቀስ የማይታለፈው፣ በጆሮ ግንድና በቅንድብ መካከል የሚያልፈው የእንቅስቃሴ ነርቭ መጎዳት ነው፤ እሱ ሲነካ አንዱ ቅንድብ አይነሣም። አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ የማይመለስበት ጊዜም አለ።

የቀረው ቀላል ነው። በስፌቱ መስመር ላይ ሰናፍጭ የሚያህሉ ነጫጭ ፍንጣሪዎች ወጡ፤ ሐኪሙ በመርፌ ጫፍ አነሷቸው። ጠባሳው ለሁለት ወር ቀላ፣ ከዚያ ፈዝዞ በቆቡ እጥፋት ውስጥ ጠፋ፤ ፀሐይ እንዳያጠቁረው ጥቁር መነጽር አደርግ ነበር። መመርቀዝ በዚህ ቦታ እምብዛም አይደርስም፣ ቆቡ ደም በብዛት የሚያገኝ ቦታ ነውና፤ ሆኖም እየሰፋ የሚሄድ ቅላትና ሙቀት፣ መግል ወይም ትኩሳት ከታየ በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል። የታችኛው ስብ ሲነካ በስቡ መካከል የሚያልፈው ዓይን የሚያዞር ጡንቻ ለጊዜው ቢያብጥ ነገሮች ሁለት ሆነው ሊታዩ ይችላሉ፤ ይህ ድንገት ሲመጣ ግን ከላይ ያልኩት የአደጋ ምልክት ሊሆን ስለሚችል አይጠበቅም።

ድጋሚ ማስተካከያ ስለመሥራት በሁለተኛው ወር ጠይቄ ነበር፤ ሐኪሙ ቢያንስ ስድስት ወር ሳይሞላ ስለዚያ እንደማይነጋገሩ ነገሩኝ። የተቆረጠ ቆዳ ተመልሶ አይገኝም፤ ያልለሰለሰ ጠባሳ ላይ እንደገና መክፈት ደግሞ ሌላ መኮማተርን ይጋብዛል። በስድስተኛው ወር ራሴ ጥያቄውን ተውኩት።

አሁን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አሥራ አራተኛ ወር ላይ ነኝ። ከጆሮዬ በላይ የአንድ ሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ አሁንም ደንዛዛ ነው፤ በደረቅ ወቅት የሌሊቱን ቅባት እቀባለሁ። «ደክሞሻል?» የሚለኝ ሰው ጠፍቷል፤ ምን እንደተለወጠ የጠየቀኝ ሰውም የለም።

ባለፈው ወር አንዲት ጓደኛዬ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ቀጠሮ ይዛ ምን ላዘጋጅ ስትለኝ፣ ስለ ትራስና ስለ በረዶ ከመንገሬ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ ማታ ስትተኛ ዓይኗ ይገጥም እንደሆነ ባሏ እንዲያይላት። ብዙ ሰው ዓይኑን በጥቂቱ ገልጦ እንደሚተኛ አያውቅም፤ ሐኪምም በቀን ምርመራ ላያገኘው ይችላል። በማግስቱ ጠዋት ደወለችልኝ። ባሏ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ አይቷት ነበር፤ ቀኙ ይገጥማል፣ ግራው በስንጥቅ ያህል ይቀራል። ለሐኪሟ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም እንባዋን እንደገና ለክተው ከላይኛው ቆብ ሊያነሡ ያሰቡትን ቆዳ ቀነሱት።